የተሻገረው ፋይልና የቀረው ድምፅ

የሙዚቃ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ በሌላ ሰው እጅ መፈጸሙ አዲስ ነገር አይደለም። ግጥሙን አንዱ ይደርሳል፤ ዜማውን ሌላው ያወጣል፤ ቅንብሩን ሦስተኛው ይሠራል፤ ቀረጻውንና ሚክሲንጉን ደግሞ ስማቸው በአልበሙ ሽፋን ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ ወይም ጨርሶ የማይጻፍ ባለሙያዎች ያከናውኑታል። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በምን ተጭኖ እንደሚሄድ፣ በመንገድ ላይም ምን እንደሚንጠባጠብ ግን እምብዛም አይነገርም። ስለ ድምፃውያንና ስለ ዜማ ደራስያን በሚጻፍባቸው ገጾች ይህ ጉዳይ የቴክኒክ ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በድምፅ ቀረጻ ሙያ ውስጥ የቆየ እንደ መሆኑ ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ ነው ብሎ ለመቀበል ይቸገራል።

ዛሬ በስቱዲዮ ውስጥ ቀረጻ የሚካሄደው በአብዛኛው በኮምፒዩተር ነው። ፕሮ ቱልስ፣ ኪውቤዝ፣ ሎጂክ፣ ስቱዲዮ ዋን፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ሪፐር እየተባሉ የሚጠሩት ፕሮግራሞች በመልካቸው ቢለያዩም ተግባራቸው ተቀራራቢ ነው፤ ልዩ ልዩ ድምፆችን በየትራካቸው ጎን ለጎን ይዘው ያስኬዳሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ፣ ያመጣጥናሉ። ባለሙያው ሥራውን ሲያስቀምጥ የሚፈጠረው የፕሮጀክት ፋይል ግን በአብዛኛው ድምፁን ራሱን የያዘ አይደለም። የያዘው ትእዛዝ ነው። ይኸውም የክራሩ ድምፅ ከዚህ ፋይል ከ12ኛው ሴኮንድ ጀምሮ ይወሰድ፤ በሦስተኛው ትራክ ላይ ከ1 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ጀምሮ ይቀመጥ፤ ጉልበቱ ይህን ያህል ይቀነስ፤ በዚህኛው ማስተጋቢያ በኩል ይለፍ የሚል ዝርዝር ነው። ይህን ዝርዝር እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ቋንቋ ይጽፈዋል፤ የአንዱን ቋንቋም ሌላው አያነብም። ስለዚህ በመካከላቸው ሁለቱም የሚረዱት ሦስተኛ ቋንቋ አስፈለገ። የመለዋወጫ ፋይል የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። መለዋወጫ ሲባል የመኪና ዕቃ ትዝ የሚለውን አንባቢ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የተሻለ ቃል እስኪገኝ ድረስ በዚሁ እንቀጥል።

ከእነዚህ ቋንቋዎች አንጋፋው ሚዲ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 አሜሪካ ውስጥ በተከፈተ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ የአንድ አሜሪካዊ ኩባንያ ሲንተሳይዘር ከጃፓኑ ከሮላንድ ሲንተሳይዘር ጋር በገመድ ተገናኝቶ፣ አንዱ ሲመታ ሌላው አብሮ ድምፅ ሰጠ። ተፎካካሪ ነጋዴዎች በአንድ ቋንቋ ለመነጋገር መስማማታቸው በዚያ ጊዜ የሚያስደንቅ ነበር። ሆኖም ሚዲ ድምፅን አያስተላልፍም፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ጉልበት እንደ ተመታ ብቻ ይናገራል። ይህንኑ መልእክት በፋይል ለማስቀመጥ የሚያስችለው ደንብ በ1988 ወጣ። የተቀረጸ ድምፅን ከነአቀማመጡ ለማሻገር ደግሞ አቪድ የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኦኤምኤፍ የተባለውን አቀረበ፤ ዓላማው በዋነኛነት ፊልም አርታኢው የደረደረውን ድምፅ ለድምፅ ባለሙያው ማስረከብ ነበር። ኦኤምኤፍ ከ2 ጊጋባይት በላይ መሸከም አይችልም። ባለ 24 ቢት፣ በሴኮንድ 48 ሺህ ናሙና የተቀረጸ አንድ ነጠላ ትራክ ይህን መጠን በአራት ሰዓት ገደማ ይሞላዋል፤ ዐሥር ትራክ ከሆነ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይደርስም። ቦታውን የያዘው ኤኤኤፍ ሰፋ ያለ ነው፤ ዛሬ በፊልምና በድምፅ መካከል የሚመላለሰው እርሱ ነው። በ2023 ቢትዊግና ፕሪሶነስ የተባሉት ኩባንያዎች ዶውፕሮጀክት የተባለውን ለሁሉም ክፍት የሆነ ፋይል አወጡ፤ በ2024 የወጣው 14ኛው ኪውቤዝም ተቀበለው። የዚህ ፋይል ውስጡ ሲፈታ በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ዝርዝርና የድምፅ ፋይሎች ናቸው። ሰው ሊያነበው የሚችል መሆኑ ለእኔ ከሌላው ጥቅሙ ሁሉ ይበልጣል።

የሚሻገረው ምንድን ነው? ኤኤኤፍ የትኛው ቁራጭ የት እንደ ተቀመጠ፣ የት እንደ ተቆረጠ፣ የት እየጎላ ወይም እየደከመ እንደሚሄድ በደኅና ያደርሳል። በትራኩ ላይ የተሠራው ማስተጋቢያ፣ የኮምፕረሰሩና የኢኳላይዘሩ አቀማመጥ ግን ከኋላ ይቀራል። ዶውፕሮጀክት ይህንንም ለማድረስ ይሞክራል፤ ነገር ግን ተቀባዩ ያንኑ ፕላግኢን በኮምፒዩተሩ ላይ ከሌለው የሚደርሰው ስሙ ብቻ ነው። በቁጥር ተስተካክሎ የደረሰው እንኳ ድምፁ ሊለይ ይችላል። ለምሳሌ ድምፅ በግራና በቀኝ ማጉያ መካከል ሲቀመጥ አንዱ ፕሮግራም 3 ዴሲቤል ይቀንስለታል፤ ሌላው 4.5፤ ሌላው 6፤ ምንም የማይቀንስም አለ። ፌደሮቹ ሁሉ በነበሩበት ቁጥር ላይ ቆመው ሳለ መሐል ላይ ያለው ድምፃዊ ከአጃቢዎቹ አንጻር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ወይም ወደ ፊት ይወጣል። በሴኮንድ 48 ሺህ ናሙና የተቀረጸው በ44,100 ከተነበበ ደግሞ የአንድ ሰዓቱ ሥራ 65 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ዜማውም ወደ አንድ ተኩል ግማሽ ድምፅ ገደማ ይወርዳል። ይኸኛው ስሕተት ግልጽ ስለ ሆነ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ጆሮ የማይነቃበት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰኝን አንድ ሥራ ላንሣ። አንድ የዕድሜ ባለጸጋ የመሰንቆ ተጫዋች በሌላ ስቱዲዮ ተቀርጸው፣ ሥራው ሳይጠናቀቅ ዐረፉ። ቤተሰቡ ሥራው ተፈጽሞ እንዲወጣላቸው ፈለገና ስቱዲዮው የኤኤኤፍ ፋይል ልኮልኝ አስገባሁት። ሁሉም ነገር በቦታው ነበር፤ እያንዳንዱ ስንኝ፣ እያንዳንዱ የመሰንቆ ምላሽ በደቂቃውና በሴኮንዱ ተሰድሮ ታየኝ። ፋይል በሚላክበት ጊዜ ግን ላኪው የሚመርጠው አንድ ነገር አለ። ሙሉውን ቀረጻ መላክ ይችላል፤ ወይም በቅንብሩ ውስጥ የሚሰማውን ቁራጭ ብቻ፣ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ሴኮንድ ትርፍ ጨምሮ መላክ ይችላል። ቦታ ለመቆጠብ ሁለተኛው ተመርጦ፣ ትርፉም ዜሮ ተደርጎ ነበር። የመጀመሪያው አርታኢ ቁራጮቹን በጥብቅ ቆርጧቸው ስለ ነበር እኒያ አረጋዊ ስንኙን ከማውጣታቸው በፊት የሚስቡት ትንፋሽ የለም፤ ደጋኑ ከጭራው ላይ ሲነሣ የሚቀረው ጭላንጭል ድምፅም የለም። ሙሉውን ቀረጻ እንዲልኩልኝ ስጠይቅ ዲስኩ ለሌላ ሥራ ተፈልጎ እንደ ጠፋ ተነገረኝ። የሟቹ ልጅ መጥቶ ሲያዳምጥ ስለ ቴክኒኩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ጥቂት ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ አባባ እዚህ ላይ ሳይተነፍስ ነው እኮ የሚዘፍነው» አለኝ።

ፕሮግራሙ ምንም አላጠፋም። የታዘዘውን ቆጥሮ አስረክቧል። ትንፋሹ በዝርዝሩ ውስጥ ስላልተጻፈ አልተሻገረም። በሌላ ዘፈን ላይ ከተረፈ አንድ ትንፋሽ ቀድቼ በየስንኙ ፊት ልተክል እችል ነበር፤ ይህን የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ አልነቅፋቸውም። እኔ ግን አንዱን ትንፋሽ ዐሥር ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ማቅረብ ከበደኝ። ለልጁ ነግሬው ሥራው እንዳለ ወጣ።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር የሚገጥመው ግን በቅኝት ላይ ነው። እንደሚታወቀው ሚዲ የተነደፈው ለፒያኖ ቁልፎች ነው፤ ከ0 እስከ 127 ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ቁጥር አለው፤ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ምንም የለም። የክራር ተጫዋች መቃኛውን ሲያዞር የሚፈልገው ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ቁጥሮች መካከል ነው። አምባሰልን ወይም አንቺ ሆዬን በፒያኖ ቁልፍ ብቻ የሠራ ሁሉ የጎደለውን ነገር ያውቀዋል፤ ስም ባይሰጠው እንኳ ጆሮው ይነግረዋል። እንግዲህ አቀናባሪው የተቀዳ የክራር ድምፅ በኪቦርድ ሲጫወት ቅኝቱን ለማቃናት ሚዲ የሚሰጠውን የድምፅ ማጠፊያ ይጠቀማል። ማጠፊያው ቁልፉን ሳይለውጥ ድምፁን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ ከታች እስከ ላይ 16,384 ደረጃ ስላለው ለጥንቃቄው ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን እነዚያ ደረጃዎች ምን ያህል ርቀት እንደሚሸፍኑ የሚወስነው ፋይሉ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚሰጠው መሣሪያ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር እንየው። ግማሽ ድምፅ ሴንት በሚባሉ 100 ጥቃቅን ክፍሎች ይከፈላል። አቀናባሪው አንዱን አውታር በ30 ሴንት ከፍ ማድረግ ፈለገ እንበል። በእርሱ መሣሪያ ላይ ማጠፊያው እንደ ተለመደው ሁለት ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች የሚሄድ ስለ ሆነ በፋይሉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከመካከለኛው በ1,229 ይበልጣል። ፋይሉ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ይሻገርና ማጠፊያው 12 ግማሽ ድምፅ የሚሄድበት መሣሪያ ላይ ይጫን፤ ያው 1,229 አሁን 180 ሴንት ይሆናል፤ ይኸውም ለሙሉ ድምፅ ጥቂት የቀረው ነው። በ2018 በጸደቀው አዲሱ የሚዲ አሠራር፣ ለእያንዳንዱ ኖታ የተለየ ማጠፊያ በሚሰጠውና 48 ግማሽ ድምፅ በሚሄደው ላይ ከተጫነማ 720 ሴንት ይደርሳል፤ ከሙሉ አምስተኛ ርቀት ያልፋል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ ይሰማውና ይሥቃል፤ ቁጥሩም ይታረማል።

ያልታረመው ሌላው ነው። ተቀባዩ ባለሙያ የተዘበራረቀውን ድምፅ ሰምቶ፣ የችግሩን ምንጭ ከመፈለግ ይልቅ ማጠፊያውን በሙሉ ሰርዞ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ድምፁ ወዲያው ይስተካከላል። ጥራት ያለው፣ ከኪቦርዱም ከቤዝ ጊታሩም ጋር የተስማማ፣ የፒያኖ ቅኝት ያለው ክራር ይወጣል። ሥራው ታትሞ ይሰራጫል። ያንን ሰምተው ክራር የሚማሩ ልጆችም መቃኛቸውን በእርሱ ልክ ያዞራሉ። ቅኝቱ እንዲለወጥ ማንም ስብሰባ ተቀምጦ አልወሰነም፤ ማንም ባህሉን የመናቅ አሳብ አልነበረውም፤ አንድ ሰው ሥራውን ለማድረስ ቸኩሎ አንድ ቁልፍ ተጭኗል። በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን ቅኝት ሲያስተምሩ ይህንንም ጨምረው ቢያስተምሩ መልካም ነው የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በምት ረገድም ተመሳሳይ ነገር አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ረዘም ያለ የድምፅ ፋይል ሲገባለት የምቱን ፍጥነት በራሱ ይገምትና ከፕሮጀክቱ ፍጥነት ጋር እንዲገጥም ይለጥጠዋል ወይም ያሳጥረዋል። ለጭፈራ ዘፈን ይህ ምቾት ነው። ፉከራ፣ ሽለላ፣ ወይም ከምት ነፃ የሆነ የትዝታ መግቢያ ላይ ግን ፕሮግራሙ የሌለውን ምት ያገኛል፤ ባለዜማው ሆን ብሎ ያዘገየውን ያፋጥናል። ይህን ማስቆም ቀላል ነው፤ ከማስገባት በፊት የሚጠፋ አንድ ምርጫ ነው። መኖሩን ማወቅ ብቻ ይጠይቃል።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር ልበል። ትራኮቼን በአማርኛ መሰየም እወዳለሁ፤ «ዋሽንት ሁለት፣ ሩቅ ማይክሮፎን» የሚለው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ለእኔም ለተጫዋቾቹም ትርጉሙ ይደክማል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የኮምፒዩተር መዝገብ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቢገባም በመለዋወጫ ፋይል ተሻግሮ የሚደርሰው ሁልጊዜ አይደለም። ዐርባ ትራክ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሲመጣ ከበሮውን ከበገናው ለመለየት አንድ በአንድ ማዳመጥ የግድ ይሆናል። ስለዚህ አሁን ከስሙ ፊት ቁጥር አስቀድማለሁ፤ በአማርኛ የተጻፈውን ዝርዝር ደግሞ በወረቀት አያይዛለሁ።

የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ይህን ያውቁት ነበር። በቴፕ ዘመን ጥቅልሉ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ሲሄድ በመግቢያው ላይ መለኪያ ድምፆች ይቀዱበታል፤ በካርቶኑ ላይ የቴፑ ፍጥነት፣ የየትራኩ ይዘት፣ ቀኑ ይጻፍበታል። ተቀባዩ መለኪያውን ሰምቶ ማሽኑን ያስተካክላል፤ ካርቶኑን አንብቦ ሥራውን ይጀምራል። ቴፕ የሚበላሽ፣ የሚሻግት፣ የሚሰነጠቅ ነገር መሆኑን አልዘነጋሁም። ቢሆንም አምሐ እሸቴ በ1969 አምሐ ሬከርድስን አቋቁሞ ያሳተማቸው ሥራዎች ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ባለው ቡዳ ሙዚክ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ እትም እንደገና ለዓለም ጆሮ ሲበቁ፣ በመካከሉ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ያለቀው ድምፅ በቴፕና በሸክላ ላይ ስለ ነበረ ያንን የሚያጫውት ማሽን ማግኘት በቂ ሆነ።

በፕሮጀክት ፋይል ብቻ የተቀመጠ ሥራ ይህን ያህል ይቆያል ወይ? ኦፕኮድ የተባለው ኩባንያ በ1990 ያወጣው ስቱዲዮ ቪዥን ሚዲንና የተቀረጸ ድምፅን በአንድ ላይ በማስኬድ ከሁሉም ቀዳሚ የሆነ ፕሮግራም ነበር። ጊብሰን በ1998 ኩባንያውን ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራው ቆመ። አፕል በ2002 የሎጂክን ባለቤት ኢማጂክን ሲገዛ ሎጂክ በዊንዶውስ ላይ መሥራቱ አከተመ። በእነዚህ የተሠሩ ፕሮጀክቶች ዲስኩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ የሚከፍታቸውን ለማግኘት ያረጀ ኮምፒዩተር ማፈላለግ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ለመናገር ባይመችም እውነት ነው። ፈቃድ ሳይከፈልበት የተገኘ ፕሮግራምና ፕላግኢን ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል፤ ያንኑ እትም መልሶ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ይሆናል። ብዙ የኪነት ቡድኖች የዓመታት ቀረጻቸውን በእንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች አድርገው በመደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋል፤ የተቀመጠ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ መለዋወጫ ፋይሉን እልካለሁ እንጂ በእርሱ ላይ አልታመንም። ከእርሱ ጋር እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ሴኮንድ ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ያለ ማቋረጥ በተራ የዌቭ ፋይል አወጣለሁ፤ አንድ ጊዜ ጥሬውን፣ አንድ ጊዜ ማስተጋቢያውና ሌላው ሁሉ ተሠርቶበት። ሁሉም ከአንድ መነሻ ስለሚጀምሩ በየትኛውም ፕሮግራም፣ ገና ባልተፈጠረውም ቢሆን፣ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ይገጥማሉ። በሚዲ የተሠራው ክራርም በድምፅ ይወጣል፤ ቅኝቱ ከድምፁ ጋር ስለ ተቀረጸ ማንም በአንድ ቁልፍ አይሰርዘውም። ያለቀውን ሚክስ ለማነጻጸሪያ አብሬ አስቀምጣለሁ። ይህ ለአንድ አልበም አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ይፈጃል። የሚከፍልበት የለም። የቡድን ኃላፊዎች «ፋይሉን በፍላሽ ገልብጥልን፤ ይበቃናል» ይላሉ፤ አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ ጥሬውን ድምፅ ማስረከብ ለሌባ በር መክፈት ነው ይሉኛል። ሁለተኛው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ እየተቆረጠ ለሌላ ዘፈን የዋለ ድምፅ ሰምቻለሁ። ሆኖም በጥበቃ ስም ባለቤቱ ራሱ የማይከፍተው ሀብት ማኖር አይታየኝም።

ወረቀቱ ላይ የምጽፈው የፕሮግራሙን ስምና እትም፣ የናሙናውን መጠን፣ የየትራኩን ይዘትና የክራሩን ቅኝት አውታር በአውታር ነው፤ የቅኝቱ ስም ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ተጫዋቾች ባቲን በአንድ ልክ ላይቃኙ ይችላሉና። ባለፈው ክረምት ለአንድ የኪነት ቡድን እንዲህ ያለውን ወረቀት አዘጋጅቼ የክራር ተጫዋቹ እንዲያየው ሰጠሁት። ስድስቱን አውታሮች በመሣሪያ ለክቼ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ እያስነበበኝ በክራሩ ሞከራቸውና ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። «ይኸኛው ልክ አይደለም» አለ። ልክ መሆኑን፣ ከቀረጻው ላይ የተለካ መሆኑን ነገርኩት። «እርሱማ ልክ ነው፤ ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ጅማቱ ላልቶብኝ ነው» አለኝና መቃኛውን ጥቂት አዙሮ መታው። እንደገና ለካሁት፤ 11 ሴንት ይበልጣል። ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍናቸው፤ ከአንደኛው ሥር «ዝናብ» ብለን።